«ተገናኝቷል» ይላል… ግን የለም!

ሊኑክስ ላይ የሚቆራረጥ ቪፒኤን እንጀራ ሊያሳጣችሁ ሲል ምን ታደርጋላችሁ?

በዚህ ገጽ ብዙ ጊዜ የምናወጋው ስለ ፍቅር፣ ስለ ትዳርና ስለ ኪስ ነው። የዛሬው ወጋችን ደግሞ ስለ ኮምፒዩተር ነው። ቆይ፣ ቆይ… ገጹን እንዳትገለብጡት! ነገሩ ውስጥ ፍቅርም፣ ኪስም፣ እናትም አለችበት።

እኔን ከጠየቃችሁኝ የሚዋሽ ፍቅረኛና የሚቆራረጥ ቪፒኤን አንድ ናቸው። ሁለቱም «አለሁ» ይላሉ። ስትፈልጓቸው ግን የሉም። ሁለቱም ባልተገኙ ቁጥር ጥፋቱ የእናንተ ይመስላችኋል። ሁለቱንም የሚያጋልጣቸው ደግሞ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነው በእውነት የተገናኘነው?» የሚል። ይህችን ጥያቄ ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ለማያውቀው ሰው ባጭሩ ልንገር። ቪፒኤን ማለት በእናንተ ኮምፒዩተርና ሌላ ቦታ በተቀመጠ ሰርቨር መካከል በኢንተርኔቱ ላይ የሚዘረጋ የተሸፈነ ቱቦ ነው። በቱቦው ውስጥ የሚያልፈውን መንገደኛ አያየውም። ብዙ ድርጅቶች የሂሳብ ሰነዳቸውንና ፋይላቸውን ለሠራተኛ የሚከፍቱት በዚህ ቱቦ ብቻ ነው። ቱቦው ከተቆረጠ ቤቱ የተቀመጠው ሠራተኛ ሥራ ቦታው የለም ማለት ነው።

የፃግብጂው ልጅ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ልጁ ፃግብጂ ነው የተወለደው፤ ዋግ ኽምራ። ፃግብጂን ላላያችኋት፣ ከሰቆጣ ተነስቶ ወደ ተከዜ እያዘቀዘቀ የሚወርድ ተራራና ሸለቆ የበዛበት ወረዳ ነው፤ ከተማው ፃታ ይባላል። ሰዉ ኽምጣኛም አማርኛም ይናገራል። በጦርነቱ ጊዜ ከፃግብጂና ከአበርገሌ ብዙ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ወደ ሰቆጣ ተሰድዶ ነበር። ከተሰደዱት አንዷ የልጁ እናት ናቸው። ኋላ ወደ ቀያቸው ተመለሱ፤ ጤናቸው ግን እንደ ድሮው አልተመለሰም።

ልጁ አዲስ አበባ ኮምፒዩተር ተምሮ ሥራ ይዞ ነበር። የአንድ የንግድ ድርጅት የሂሳብ ሶፍትዌር ይጠብቃል። እናቱ ሲደክሙ አለቃውን ለምኖ «ከርቀት ልሥራ» አለና ሰቆጣ ቤት ተከራየ። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቅዳሜና እሁድ ፃታ ወርዶ እናቱን ይጠይቃል፤ ሰኞ ሰቆጣ ላይ ላፕቶፑን ይከፍታል። ላፕቶፑ ያገለገለ ነው። ዊንዶውስ ስለከበደው ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ጭኖበታል።

ታዲያ ምን ሆነ? ቪፒኤኑ ይቆራረጣል። አንዳንድ ጠዋት ጭራሽ አይገባም። አንዳንድ ቀን ይገባል፤ ፋይል ሲልክ ግን ይደርቃል። ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ የቀጠለ ይመስላል፤ ግን ምንም አይመጣም። ማያው ላይ ያለችው ምልክት ደግሞ ሁልጊዜ «ተገናኝቷል» ነው የምትለው!

አለቃው «አንድ ወር ሰጥቼሃለሁ፤ ካልሆነ ወይ አዲስ አበባ ተመለስ ወይ እንለያይ» አለው። አዲስ አበባ ያለች እጮኛው ደግሞ «ይሄ ኔትወርክ የምትለው ነገር ሰበብ ነው እንዴ?» ማለት ጀምራለች። ሰው በመሣሪያ ብልሽት ሐሜተኛም ሰነፍም ይባላል፣ ምን ይደረግ!

ልጁ ሲደውልልኝ ያላደረገው ነገር አልነበረም። ኡቡንቱን ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ ጭኗል። ሲም ካርድ ቀይሯል። ከኢንተርኔት ያገኘውን ትእዛዝ ሁሉ ተርሚናል በሚባለው ጥቁር መስኮት ላይ ጽፏል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፦ ሁሉን በአንዴ ሲነካካ የትኛው እንደረዳው፣ የትኛው እንዳባሰበት አያውቅም።

ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሬ ይህ ነበር፦ «ወንድሜ፣ እጅህን ሰብስብ። መጀመሪያ የታመመውን ቦታ ለይ፤ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ንካ፤ ውጤቱን እይ።» ቤታችሁ ውኃ ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ? ቧንቧ አትነቅሉም። ጎረቤት ትጠይቃላችሁ። ጎረቤትም ከሌለው የሰፈሩ ነው። ጎረቤት ካለው ቆጣሪውን ታያላችሁ፤ ከዚያ ሮቶውን፤ በመጨረሻ ነው የማድ ቤቱን ቧንቧ የምትፈቱት። ቪፒኤንም እንዲሁ ነው።

አንደኛ፦ መንገዱ ራሱ አለ ወይ?

ቪፒኤኑን አጥፉት። ከዚያ ተርሚናሉን ክፈቱና «ፒንግ» የሚለውን ትእዛዝ ከ1.1.1.1 ጋር ጻፉ። ሊኑክስ ላይ ፒንግ እስክታቆሙት ድረስ ይቀጥላል፤ ኮንትሮልና ሲን አንድ ላይ ስትጫኑ ይቆምና ከመቶ ስንቱ እንደጠፋ ይነግራችኋል። ለአምስት ደቂቃ ተዉት። ከመቶ አሥር፣ አሥራ አምስት ከጠፋ ቪፒኤኑን አትውቀሱት፤ መስመሩ ራሱ ታሟል። ወደ መስኮት ጠጋ በሉ፣ ቦታ ቀይሩ፣ ከዋይፋይ ወደ ገመድ ዙሩ።

እዚህ ላይ ብዙ ወጣት የሚያደባልቀው ነገር አለ፤ መታገድና መዘጋት። ሁለቱ ለየቅል ናቸው።

በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በአገራችን ሲታገዱ ኢንተርኔቱ ራሱ ነበር። እገዳው እስከ ሐምሌ አምስት ወር ገደማ ቆየ። ያኔ ቪፒኤን ያለው ገባ፣ የሌለው ቆመ። ያ መታገድ ነው፤ መንገዱ አለ፣ አንዳንድ በሮች ግን ተቆልፈዋል።

በሰኔ 2012 መጨረሻ ግን፣ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ፣ ኢንተርኔቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ጠፋ። በሐምሌ 2015 መጨረሻም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። ይህ መዘጋት ነው። መንገዱ ከሌለ ቱቦው በምን ላይ ይዘረጋል? በዚህ ጊዜ ስድስት ዓይነት ቪፒኤን ብትጭኑ ድልድዩ በፈረሰበት ወንዝ ላይ መኪና እንደመቀያየር ነው።

ሦስተኛም ዓይነት አለ። የቴሌኮም መሣሪያ የሚያልፈውን ፓኬት መልክ እያየ ለይቶ የሚጥልበት ዘዴ ነው። በግንቦት 2004 የቶር ፕሮጀክት ሰዎች ኢትዮጵያ ውስጥ ቶር በዚህ ዓይነት ፍተሻ እንደታገደ አሳውቀው ነበር። እንዲህ ያለ ሲያጋጥም አንዱ ዓይነት ቪፒኤን እምቢ ሲል ሌላው ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ድርጅታችሁ ሁለት ዓይነት ካለው ሁለቱንም ተዘጋጅቶ መቀመጥ ነው።

ሁለተኛ፦ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ተጨባበጡ?

ያቺን ጥያቄ ያዙልኝ ብዬ አልነበር? ይኸውላችሁ።

ዋየርጋርድ የሚባለው ቪፒኤን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ከሊኑክስ 5.6 ጋር የሊኑክስ ልብ ውስጥ ገብቷል፤ ፈጣንም ቀላልም ነው። ግን አንድ ጠባይ አለው፤ ዝምተኛ ነው። «ተገናኝቷል» የምትለው ምልክት የምትነግራችሁ በእናንተ በኩል ቱቦው መከፈቱን ብቻ ነው። ወዲያ ማዶ ያለው ሰርቨር ይስማ፣ አይስማ አታውቅም። ባል ቀለበት ስላደረገ ብቻ ሚስቱ ቤት አለች ማለት አይደለም፣ አይደል?

እውነቱን ለማወቅ ተርሚናል ላይ የአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚሰጠውን «ሱዶ» አስቀድማችሁ «ደብልዩጂ» ብላችሁ ጻፉ። ከሚመጣው ውስጥ «ሌተስት ሀንድሼክ» የሚል መስመር አለ፤ የመጨረሻው መጨባበጥ ማለት ነው። ቱቦው ውስጥ ነገር እየተላለፈ ከሆነ በየሁለት ደቂቃው ገደማ ይታደሳል። እየሠራችሁ «ከሃያ ደቂቃ በፊት» ካለ፣ ወይም መስመሩ ጭራሽ ከሌለ፣ ግንኙነት የለም። ከሥሩ ደግሞ የተላከና የተቀበሉት መጠን ይታያል። የተላከው እያደገ የተቀበሉት ባለበት ከቆመ እናንተ ትጮኻላችሁ፣ የሚሰማ የለም ማለት ነው።

ኦፕን ቪፒኤን ለምትጠቀሙ ደግሞ «ጆርናልሲቲኤል» የሚባለው መዝገብ አለ። እሱ ውስጥ የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው። «ኦት ፌይልድ» ካለ የይለፍ ቃል ወይም ፈቃድ ችግር ነው፤ አለቃ ጋ ደውሉ። «ቲኤልኤስ ሀንድሼክ ፌይልድ» ካለ ሰርቨሩ ጋ አልደረሳችሁም፣ አለዚያም መልሱ አልተመለሰም። «ኢንአክቲቪቲ ታይምአውት» ካለ ተገናኝታችሁ ነበር፤ መካከል ላይ ዝምታ ገባ። ሦስቱ ሦስት የተለያየ በሽታ ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል።

ሦስተኛ፦ ስንት ሰዓት ነው?

አትሳቁ! የልጁ የጠዋት ችግር ይኸው ነበር።

ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ ሰዓት የምትጠብቀው ትንሿ የማዘርቦርድ ባትሪ ሞታ ሊሆን ይችላል። መብራት ሲጠፋና ዋናው ባትሪ ሲያልቅ ኮምፒዩተሩ ዓመታት ወደኋላ ይመለሳል። ኡቡንቱ በተፈጥሮው ሰዓቱን ከኢንተርኔት ያስተካክላል። ልጁ ግን ያንን አጥፍቶታል። ለምን? ማያው ላይ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን «9 ሰዓት» ስለሚል አናደደው! በአበሻ ሰዓት እንዲሆንለት በእጁ ነበር የሚሞላው።

ዋየርጋርድ ደግሞ በመጨባበጡ ውስጥ ሰዓት ይልካል። ሰርቨሩ ከዚህ በፊት ካየው ሰዓት ያረጀ ሰላምታ ከመጣለት «ይህ ሌባ የቀዳው የድሮ መልእክት ነው» ብሎ ይጥለዋል። መልስም አይሰጥም። ስለዚህ ማታ መብራት በጠፋበት ማግስት ጠዋት ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ቢያንኳኳ ማን ይክፈትለት? ኦፕን ቪፒኤን ቢሆንም አይድንም፤ የምስክር ወረቀቱን ቀን አይቶ «ገና አልጸናም» ይላል። በስልካችሁ ላይ በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየረው የማረጋገጫ ቁጥርም ሰዓት ከተዛባ አይሠራም።

መድኃኒቱ፦ የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ አድርጉ፤ «አውቶማቲክ» የሚለውን አብሩ፤ ባትሪዋን አስቀይሩ። 3 ሰዓትን 9 ብሎ ቢያሳያችሁ ቻሉት፤ የአበሻ ሰዓት በእጃችሁ እሰሩ።

በነገራችን ላይ፣ አንድ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስና ሊኑክስ ጎን ለጎን የጫናችሁ ደግሞ የሦስት ሰዓት ልዩነት ሊያስቸግራችሁ ይችላል። ዊንዶውስ የማሽኑን ሰዓት በአገር ቤት ሰዓት ይጽፋል፤ ሊኑክስ ያንኑ የለንደን የክረምት ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። እኛ በሦስት ሰዓት ስለምንቀድም ሊኑክሱ ሦስት ሰዓት ይፈጥናል። አውቶማቲኩ በርቶ ኢንተርኔት እንዳገኘ ያስተካክለዋል።

አራተኛ፦ ስም ነው ወይስ መንገድ?

ቪፒኤኑ ተጨባብጧል። ሰርቨሩን በቁጥር አድራሻው ፒንግ ስታደርጉት ይመልሳል። በስሙ ስትጠሩት ግን «አላውቀውም» ይላል። ይሄ የዲኤንኤስ በሽታ ነው። ዲኤንኤስ ስምን ወደ ቁጥር የሚመልስ የስልክ ማውጫ በሉት። የድርጅታችሁን የውስጥ ስሞች የሚያውቀው የድርጅቱ ማውጫ ብቻ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ግን የሰፈሩን ማውጫ እያገላበጠ ሊሆን ይችላል።

ኡቡንቱ ላይ «ሪዞልቭሲቲኤል» ብላችሁ ብትጽፉ የትኛው መስመር የትኛውን ማውጫ እንደሚጠይቅ ያሳያችኋል። የቪፒኤኑ መስመር ሥር ምንም ቁጥር ከሌለ አገኛችሁት። ብዙ ጊዜ ይህ የሚመጣው ኦፕን ቪፒኤንን በቀጥታ ከተርሚናል ሲያስነሱት ነው። ፋይሉን በኔትወርክ ቅንብር መስኮት በኩል ብታስገቡት ኔትወርክ ማናጀር የሚባለው ማውጫውንም አብሮ ያስተካክላል።

አምስተኛ፦ ሻንጣው በሩን ያልፋል ወይ?

ቻት ይሠራል። ፒንግ ይሠራል። ፋይል ስትልኩ ግን ይደርቃል። ወይም ገጹ ግማሽ ድረስ ተከፍቶ ይቆማል። ይህች ምልክት ብዙ ሰው ታሳብዳለች፤ ግማሽ ጤነኛ፣ ግማሽ በሽተኛ ናትና።

ኢንተርኔት ላይ ነገር የሚጓዘው በትንንሽ ጥቅል ነው፤ ፓኬት ይባላል። የተለመደው ትልቁ መጠን 1500 ባይት ነው። ቪፒኤን እያንዳንዱን ጥቅል በሌላ ጥቅል ይሸፍነዋል፤ ዋየርጋርድ በዚህ ከ60 እስከ 80 ባይት ይጨምራል። ለዚህ ነው ራሱን በ1420 ወስኖ የሚነሳው። ነገር ግን መካከል ላይ ያለው መስመር ከ1500 ያነሰ በር ካለው፣ የተሸፈነው ትልቅ ጥቅል በሩ ላይ ይቀራል። «አላለፍኩም» የሚለው መልእክት እንኳ መንገድ ላይ ይታገድና እናንተ ምንም አትሰሙም። ትንሹ ጥቅል ያልፋል፣ ትልቁ ይቀራል። መናኸሪያ ላይ ሰው ተሳፍሮ ሻንጣው እንደሚቀረው ማለት ነው።

ልጁን ስልክ ላይ ፊደል በፊደል ነገርኩት። ቪፒኤኑን አጥፋ፤ «ፒንግ፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ ትልቁ ኤም፣ ክፍት ቦታ፣ ዱ፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ ትንሹ ኤስ፣ ክፍት ቦታ፣ 1472»፣ ከዚያ የቪፒኤን ሰርቨሩን አድራሻ። ትልቁ ኤምና ዱ አንድ ላይ «ጥቅሉን አትቁረጠው» ማለት ናቸው። 1472 ላይ 28 የአድራሻ መጻፊያ ሲጨመር 1500 ይመጣል። አላለፈም። 1450 አለ፤ አላለፈም። 1400ም እንዲሁ። 1372 ላይ መልስ መጣ! 1372 ሲደመር 28፣ 1400። ከዚያ ላይ 80 ስንቀንስ 1320። በኔትወርክ ቅንብሩ «ኤምቲዩ» በሚለው ሳጥን ውስጥ 1320 ጻፈና እንደገና አስነሳው። ሲደርቅ የነበረው ፋይል ሄደ።

መለካት የሚያሰለቻችሁ ደግሞ በቀጥታ 1280 ብላችሁ ሞክሩ። ከዳነ በሽታው ይህ ነው ማለት ነው፤ ከዚያ ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉት።

ስድስተኛ፦ ዘበኛው ረስቷችሁ ይሆን?

እየሠራችሁ ደህና ነው፤ ሻይ ጠጥታችሁ ስትመለሱ ደርቋል። የሞባይል መስመር ላይ ብዙ ሰው አንድ የውጭ አድራሻ ይጋራል። መካከል ላይ ያለው መሣሪያ እንደ ግቢ ዘበኛ ነው፤ ማን እንደወጣ ያስታውሳል፤ ግን ዝም ካላችሁት ይረሳችኋል፤ አንዳንዱ በግማሽ ደቂቃ። ከረሳችሁ በኋላ ወደ እናንተ የሚመጣውን እንግዳ «እዚህ እንዲህ የሚባል ሰው የለም» ብሎ ይመልሰዋል።

መፍትሔው በየጊዜው ለዘበኛው ሰላምታ መስጠት ነው። ዋየርጋርድ ላይ «ፐርሲስተንት ኪፕአላይቭ» የሚለውን 25 አድርጉት፤ በየ25 ሰከንዱ «አለሁ» ይላል። ኦፕን ቪፒኤን ላይም «ኪፕአላይቭ» የሚባል አለ፤ እሱን ግን ብዙ ጊዜ የሚያስተካክለው የሰርቨሩ ባለቤት ነው።

ከዚሁ ጋር ሁለት ነገር ፈትሹ። አንደኛ፣ ላፕቶፑ ባትሪ ለመቆጠብ ዋይፋዩን ያስተኛዋል። ኡቡንቱ ውስጥ በኔትወርክ ማናጀር የቅንብር ማኅደር «ዋይፋይ ፓወርሴቭ» የሚል መስመር ላይ 3 ተጽፏል፤ 2 ብታደርጉትና ኮምፒዩተሩን ብታስነሱት ማስተኛቱ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ኦፕን ቪፒኤን የምትጠቀሙ ከሆነ መስመር ሲቋረጥ ቱቦው በራሱ እንዲጠብቅ የሚያደርግ «ፐርሲስተንት» የሚባል ምርጫ ኔትወርክ ማናጀር ውስጥ አለ፤ አብሩት።

ዩዲፒ ወይስ ቲሲፒ?

ኦፕን ቪፒኤን በሁለት መንገድ ይሄዳል። ዩዲፒ ደብዳቤውን ወርውሮ ይሄዳል፤ ቲሲፒ «ደረሰህ ወይ?» እያለ ይጠይቃል። ብዙ ሰው «የሚጠይቀው ይሻላል» ብሎ ቲሲፒን ይመርጣል። ኔትወርኩ ሲደክም ግን ውስጥ ያለውም ቲሲፒ፣ ሽፋኑም ቲሲፒ ሆኖ ሁለቱም የጠፋውን እንደገና ሲልኩ ይተራመሳሉ። አንድ ደብዳቤ ሁለት መልእክተኛ ሲሻማበት ምን ይሆናል? ስለዚህ መጀመሪያ ዩዲፒ። ዩዲፒ ከታገደ ብቻ ቲሲፒ፣ በ443 ቁጥር በር።

ለአለቃም፣ ለፍቅርም

እሺ፣ መሣሪያው ይህን ይመስላል። ሰው ግንኙነቱንስ እንዴት ያድናል?

ልጁን ደብተር አስያዝኩት። ቪፒኤኑ በተቋረጠ ቁጥር አራት ነገር ይጽፋል፤ ሰዓቱን፣ ፒንግ ይመልስ እንደሆነ፣ የመጨረሻው መጨባበጥ መቼ እንደነበረ፣ ምን ሲሠራ እንደነበረ። በአሥር ቀን ውስጥ ደብተሩ ራሱ ተናገረ። የጠዋቶቹ ሁሉ መብራት በጠፋ ማግስት ነበሩ። ድርቀቶቹ ሁሉ ትልቅ ፋይል ሲላክ። ዝምታዎቹ ሁሉ ከእረፍት በኋላ። አንድ በሽታ የመሰለው ሦስት ነበር!

ለአለቃው የላከው ልመና አልነበረም፤ ያንን ደብተር ነው። «ኔትወርክ አስቸገረኝ» የሚል ሠራተኛ ሰነፍ ይመስላል። «በዚህ ሰዓት መስመሩ ጤነኛ ነበር፣ ሰርቨሩ ግን አልመለሰም» የሚል ሠራተኛ ባለሙያ ይመስላል። ነገሩ አንድ ሊሆን ይችላል፤ አነጋገሩ ግን እንጀራ ይወስናል። ሌላም ተስማሙ፤ መስመር በሌለበት ቀን የሚሠራ ሥራ አስቀድሞ ላፕቶፑ ላይ ይወርዳል፤ ግንኙነት ሲመለስ ይላካል። ይህን ሊኑክስም ቪፒኤንም አያደርግላችሁም፤ ንግግር ነው።

ከእጮኛው ጋርም ያው ነው። ፃታ ሲወርድ ቀድሞ ይነግራታል፤ «ከዚህ እስከዚህ አልገኝም» ይላል። ሰው የሚቆጣው በመጥፋታችሁ ብቻ አይደለም፤ ሳይነገረው በመቅረቱም ነው።

ስለ ነፃ ቪፒኤን አንድ ቃል ልጨምር። በ2015 እገዳ ጊዜ ወጣቱ ስልኩ ላይ ያገኘውን ነፃ ቪፒኤን ሁሉ ሲጭን ነበር። ቱቦው ከመንገደኛ ይሸፍናችኋል፤ ከቱቦው ባለቤት ግን አይሸፍናችሁም። የት የት ገጽ እንደምትገቡ የሚያየው እሱ ነው። የድርጅት ሥራ በድርጅት ቪፒኤን፤ የማታውቁት ሰው በነፃ የሚሰጣችሁን ቱቦ ግን ቆም ብላችሁ አስቡበት።

ልጁ ምን ሆነ? ሰዓቱን አስተካከለ፣ 1320 ጻፈ፣ 25 ጻፈ። የአንድ ወሩ ቀጠሮ ሲደርስ አለቃው ደብተሩን አይቶ ሦስት ወር ጨመረለት። ሦስት ወር ዘላለም አይደለም፤ መስመር አሁንም ይጠፋል፣ ተራራው አሁንም ተራራ ነው። ግን መስመር ሲጠፋ መስመር መጥፋቱን፣ ሌላ ነገር ሲበላሽም የትኛው እንደሆነ ያውቃል። እናቱም የሚያውቁት ልጃቸው ቅዳሜ መምጣቱን ነው፤ ይበቃቸዋል።

እናንተም ነገ ጠዋት ያቺ ምልክት «ተገናኝቷል» ስትላችሁ ወዲያው አትመኗት። የመጨረሻውን መጨባበጥ ጠይቋት። ካልመለሰች ከመንገዱ ጀምራችሁ አንድ በአንድ ውረዱ። በቸር ያገናኘን!